ልብ አንጠልጣዩ ልባችንን ሳያንጠለጥል ቀረ

ደመወዝ በተከፈለበት ሰሞን እንኳ፥ ከቤት ኪራዩና ከአስቤዛው ተርፎ በወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ኪስ የሚቀረው ገንዘብ ጥቂት መሆኑን ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች መንገር አያስፈልግም። የተማሪውማ ከዚያም ያነሰ ነው። እንግዲህ ከዚችው ጥቂት ገንዘብ ቀንሶ የሲኒማ መግቢያ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ከዕድሜውም ላይ ሁለት ሰዓት ያህል አምኖ የሰጠ ነውና፥ አንድ ነገር ይዞ ወደ ቤቱ የመመለስ መብት አለው። ሳቅም ቢሆን፥ እንባም ቢሆን፥ ድንጋጤም ቢሆን ይዞ ይመለስ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ እኔና የጎረቤቴ ልጅ ቦሌ ከሚገኙት ሲኒማ ቤቶች ወደ አንደኛው ገብተን ይዘነው የወጣነው ነገር ቢኖር ክርክር ብቻ ነበር። ክርክሩ ግን ከፊልሙ የተሻለ ስለ ነበር ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እኔን «ጋሼ» ይለኛል፤ ሲኒማን ደግሞ እንደ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ይቆጥረዋል። በማስታወቂያው ላይ አራት የታወቁ ተዋንያን ፊታቸው ተደርድሮ፥ ከበላዩ በቀይ ቀለም «ልብ አንጠልጣይ የሥነ ልቡና ፊልም» የሚል ተጽፎ ያየው እርሱ ነው። እኔም ከአራቱ አንደኛውን ሽማግሌ፥ በመድረክ ላይ ነገሥታትን ሆነው ሲጫወቱ በወጣትነቴ አይቻቸው ስለ ነበር፥ ለመሄድ አላመነታሁም።

የፊልሙን ስም አልጠቅስም። ጥፋቱ የዚህ የአንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሙን ጠርቼ ባለፍሁ ነበር፤ ነገር ግን ይህን መሳይ ፊልም ያላየ ሲኒማ ወዳድ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ወንድ ልጅዋ ከሞተባት በኋላ በአንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ከባልዋ፥ ከእናትዋና ከአንድ ሽማግሌ ዘበኛ ጋር ትኖራለች። ማታ ማታ የእግር ኮቴ ትሰማለች። ያስቀመጠችውን ዕቃ ካስቀመጠችበት ታጣዋለች። ባልዋም «አንቺው ነሽ ያነሣሽው» ይላታል። ቀስ በቀስም በራስዋ አእምሮ መጠራጠር ትጀምራለች።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነው። አዲስ አለመሆኑም ነውር አይደለም። ፓትሪክ ሃሚልተን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1938 «ጋዝ ላይት» በሚል ስም ለመድረክ ያበቃው ቴአትር፥ ሚስቱን አብዳለች ለማሰኘት ስለሚጥር አንድ ባል ነው። ሰውየው በድብቅ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ መብራት በለኮሰ ቁጥር የሚስቱ ክፍል ፋኖስ ይደበዝዛል፤ እርስዋም ዓይኔ ነው ወይስ ጭንቅላቴ እያለች ትሠቃያለች። እ.ኤ.አ. በ1944 ጆርጅ ኪውከር ፊልም አድርጎ ሲያዘጋጀው ኢንግሪድ በርግማን በሚስቲቱ ቦታ ተጫውታ የኦስካር ሽልማት አግኝታበታለች። (በእኛ ከተማ መብራት ሲደበዝዝ ባልዋን የምትጠረጥር ሴት አትገኝም፤ ሁላችንም ሻማ ፍለጋ እንነሣለን። ስለዚህ የእኛ ደራሲ ሌላ ብልሃት መፈለግ ነበረበት።) የዚህ ዓይነቱ ፊልም ምስጢር ይኸው ነው፤ በሌላው ፊልም አደጋው በበር ሰብሮ ይገባል፥ በዚህኛው ግን አደጋው ከሰውየው ራስ ቅል ውስጥ ነው። የራስ ቅልን ውስጥ ደግሞ በካሜራ ማንሣት አይቻልምና፥ በተዋናዩ ፊት ላይ ከማየት በቀር ሌላ መንገድ የለም። ብልህ ተዋናይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ዓይነቱ ፊልም ነው ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ፊልም አራት ብልህ ተዋንያን ነበሩት። ምን አደረገባቸው?

መጀመሪያ፥ አፋቸውን አላሳረፈም። ሴትዮዋ ስትፈራ «ፈራሁ» ትላለች። ባልዋ ሲጠራጠር «እየተጠራጠርሁ ነው» ይላል። እናቲቱ ደግሞ ሁለቱ የተናገሩትን ለስልክ ባልንጀራቸው መልሰው ይነግሯቸዋል። ከእኛ በኋላ በስልካቸው መብራት እየተመሩ ከሃያ ደቂቃ ዘግይተው የገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ያመለጣቸው ነገር አልነበረም፥ ሁሉም ነገር አራት ጊዜ ተደግሞላቸዋል። ሁለተኛ፥ ሙዚቃው ከተመልካቹ ቀድሞ ይደነግጣል። በሩ ከመከፈቱ በፊት ያ ከበሮ ድው ሲል፥ አሁን በሩ ሊከፈት ነው ብለን ተመቻችተን እንቀመጣለን። ሦስተኛ፥ ያ በመድረክ ላይ ግርማቸው አዳራሹን ጸጥ ያሰኝ የነበረው ሽማግሌ ዘበኛ ሆነው በር ይከፍታሉ። የጎረቤቴ ልጅ በጣቱ ሲቆጥር ነበርና፥ በጠቅላላው ሰባት ዓረፍተ ነገር እንደ ተናገሩ አረጋገጠልኝ። ከሰባቱ አምስቱ «እትዬ፥ ሰው መጥቷል» የሚለው ነው።

ይሁን እንጂ ሐቁን መደበቅ አይገባም። በዚያ ሁሉ መካከል አንድ ደቂቃ ያህል እውነተኛ ሲኒማ አይተናል።

ሴትዮዋ ቡና ታፈላለች። ባልዋና እናትዋ ተቀምጠዋል። እርስዋ ከረከቦቱ ላይ ሲኒ እያነሣች ትቀዳለች፤ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት። ከዚያም አራተኛውን ትቀዳና ስኳር ትጨምርበታለች፥ አማስላም ሰው በሌለበት በኩል በጥንቃቄ ታስቀምጠዋለች። ማንም አይናገርም። በዚያ ጊዜ ሽማግሌው ዘበኛ ከሰል ይዘው ይገባሉ፤ ሲኒውን ያያሉ፥ ሴትዮዋን ያያሉ፥ ከዚያም ያ ሲኒ እንዳይነካ ዞር ብለው በሌላ በኩል ያልፋሉ። ይህችው ናት። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ከኋላችን ሲንሾካሾኩ የነበሩት ልጃገረዶች እንኳ ዝም አሉ። ሴትዮዋ ልጅዋን እንዳልቀበረችው፥ ሽማግሌውም ይህን ከሁሉ አስቀድመው እንዳወቁ፥ አንድ ቃል ሳይነገር ሁላችንም ተረዳን።

ወዲያው ከበሮው ድው አለ። ባልየውም «ለማን ነው የቀዳሽው? ልጃችን እኮ ሞቷል!» ብሎ ጮኸ። አለቀ።

መጨረሻው ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪም መጥቶ የሆነውን ሁሉ ሲያስረዳን ዐሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከዚያ መብራቱ በራ።

ከቦሌ መድኃኔዓለም በኢምፔሪያል በኩል ወደ ገርጂ በእግራችን ጀመርን። ታክሲ ጠፍቶ አይደለም፤ ልጁ ተናዶ ስለ ነበር መራመድ ፈለገ። ገና ከመነሣታችን፥

«ጋሼ፥ ገንዘብ ስለሌላቸው እኮ ነው» አለኝ።

«ገንዘብ ቢኖራቸው ምን ይጨምሩ ነበር?»

«ጥሩ ካሜራ፥ ጥሩ መብራት፥ ሁለተኛ ቪላ...»

«ቪላው ሁለት ቢሆን ሽማግሌው ሁለት በር ይከፍቱ ነበር» አልሁት።

ሳቀ፤ ነገር ግን አልተረታልኝም። እኔም አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ» የተባለውን ፊልሙን እንዴት እንደ ሠራው አጫወትሁት። ሰውየው በዚያን ጊዜ በዓለም የታወቀ አዘጋጅ ሲሆን፥ ውድ ባለሙያዎችን ትቶ የቴሌቪዥን ዝግጅቱን የሚሠሩለትን ሰዎች ይዞ፥ በጥቁርና ነጭ ፊልም፥ በስምንት መቶ ሺህ ዶላር ያህል ወጪ ፈጸመው። ይህ በሆሊዉድ ሚዛን ርካሽ ነበር። ነገር ግን ቁጠባውን የት እንዳደረገና የት እንዳላደረገ ተመልከት፤ ሴቲቱ በመታጠቢያ ቤት የምትገደልበትን፥ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላውን ትዕይንት ለማንሣት ሰባት ቀን ፈጅቷል። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ተመልካች እንዳይገባም ሲኒማ ቤቶቹን አስገድዷል።

«ጋሼ፥ ስምንት መቶ ሺህ ዶላር እኮ ለእኛ ሀብት ነው! ደግሞስ ሳይኮም መጨረሻው ላይ የሚያስረዳ ሐኪም አለው» አለኝ።

በሁለቱም እውነት ነበረው። የሳይኮ ሐኪም ማብራሪያ ሲኒማ ዐዋቂዎች እስከ ዛሬ ድረስ ፊልሙን የሚነቅፉበት ነው፤ የእኛ ሰዎች ከታላቁ ሰው ብልሃቱን ትተው ጉድለቱን መውረሳቸው ነው የሚያሳዝነው። ስለ ገንዘቡ ግን ሌላ ምሳሌ ነበረኝ። ክሪስቶፈር ኖላን ዛሬ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ፊልም የሚሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን «ፎሎዊንግ» የተባለውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ግን የሠራው በስድስት ሺህ ዶላር ያህል ነው። ተዋንያኑ ጓደኞቹ ነበሩ፤ ሁሉም ሥራ ስለ ነበራቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እየተገናኙ አንድ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ጥሬ ፊልም ውድ ስለ ሆነ፥ አንዱን ትዕይንት ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳያነሡት አስቀድመው በደንብ ይለማመዱ ነበር።

ልጁ ቆመ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ?» አለ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው አንባቢዎቼ። ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 «ዐሥራ ሁለቱ የተቆጡ ሰዎች» በሚል ስም ልንጠራው የምንችለውን ፊልም ሲሠራ፥ በእጁ የነበረው አንድ ክፍል፥ አንድ ጠረጴዛና ዐሥራ ሁለት ተዋንያን ነው። ካሜራ ከመነሣቱ በፊት ግን ሁለት ሳምንት አለማመዳቸው። ቀረጻው ከዚያ በኋላ ከሦስት ሳምንት አልበለጠም። ክፍሉ እየጠበበ የሚሄድ እንዲመስል ካሜራውን ከላይ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ታች አወረደው፥ ሌንሱንም ለወጠው። ይህን ለማሰብ የሚያስፈልገው ጊዜ እንጂ ሀብት አይደለም።

«እንግዲያው የእኛ ሲኒማ ገና ልጅ ነው ብለን እንለፈው» አለኝ።

በዚህም አልተስማማሁም። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ታይቷል። «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ተከተለ፤ ዛሬ በየጊዜው የሚሰጠው የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከእርሱ ነው። ልጅ ነው እንኳ ብንል፥ ይህ ልጅ የተወለደው ከሀብታም ቤት ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም በ1948 ዓ.ም. በሩን ከፈተ። ተዋናይ ቃሉን እስኪያውቀው ብቻ ሳይሆን ቃሉ እርሱን እስኪያውቀው ድረስ ይለማመድባቸው የነበሩ ቤቶች ናቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቪዲዮ ካሜራ ረክሶ ፊልም መሥራት ለብዙዎች በተቻለ ጊዜ፥ ቦሌ መንገድ ላይ ዓለም ሲኒማ፥ በኋላም ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ ሲኒማ ተከፍተው ተመልካቹ በተሰለፈ ጊዜ፥ ሲኒማችን ከቴአትሩ ቤት ተዋንያኑን ተበደረ። ልምምዱን ግን እዚያው ትቶት መጣ።

ገንዘብ ምን ያህል ትንሽ ሊሆን እንደሚችል ለማየትም ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲያነበው የነበረው ወጪ አንድ መጽሐፍ፥ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ሰው ነው። ሰብለ ወንጌልም፥ ፊታውራሪ መሸሻም፥ ጉዱ ካሣም ከዚያ ካንድ ጉሮሮ ወጡ። የጉዱ ካሣን የውስጥ ቁስል፥ ዕብድ ይሁን ወይስ ካገሩ ሁሉ ጤነኛው እርሱ ብቻ ይሁን እያልን የተጨነቅነው ያለ አንዳች ሥዕል ነው። በቴሌቪዥንም «ሰው ለሰው» በተባለው ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ያስፈራን የነበረው ከበሮ ስለ ተመታለት አልነበረም።

ከኢምፔሪያል አለፍ እንዳልን ልጁ ያላሰብሁትን ነገር አነሣ።

«ጋሼ፥ እርስዎ የሚሉት ልምምድ ለተዋናዩ ማን ይከፍለዋል? አንድ ተዋናይ ኑሮውን ለማሸነፍ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሥራ ይይዛል። ቪላው በቀን ነው የሚከራየው፥ ካሜራውም በቀን። ያ ሽማግሌ ምናልባት ለሁለት ቀን ብቻ ነው የመጡት። ሁለት ቀን ብቻ ካገኟቸው በር ከማስከፈት በቀር ምን ያድርጓቸው?»

እዚህ ላይ ልጁ ረታኝ። ችግሩን በስንፍና ብቻ ሳየው ነበርና። ነገር ግን ጥቂት ከተራመድን በኋላ መልሱ ራሱ ከፊልሙ መጣልኝ። የቡናው ትዕይንት ስንት ፈጀ? አንድ ጀበና፥ አራት ሲኒ፥ ጥቂት ከሰል። ሽማግሌው የተነሡትም በዚያው በሁለት ቀናቸው ውስጥ ነው። ያን ደቂቃ አንድ ሰው አስቦ በወረቀት ላይ ጽፎታል፤ ወይም ተዋንያኑ ራሳቸው አግኝተውታል። ወረቀት በቀን አይከራይም። በፊልም ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚረክሰው ዕቃ ወረቀት ሲሆን፥ እኛ ከሁሉ አብልጠን የምንቆጥበው እርሱን ነው። ሰባቱን ዓረፍተ ነገር ወደ አንድ ዝቅ አድርጎ ያን አንዱን እይታ ሦስት ማድረግ ሳንቲም አይጠይቅም።

ሌላም ያሳዘነኝ ነገር አለ፥ እርሱም ከጥበብ ጉድለት የከፋ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ሴትዮዋ የታመመች መሆንዋ እንደ ወንጀል ነው የተገለጸው። ሐኪሙ ሲያስረዳ ተመልካቹ ሳቀ። አማኑኤል ሆስፒታል ብዙ ሕመምተኞችን የረዳ ቤት ሲሆን፥ ስሙን ለስድብ የምንጠቀምበት ሰዎች ጥቂት አይደለንም። ልጁን ቀብሮ ያልወጣለት ሰው፥ ወይም በፈተና ጭንቀት ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያድር ተማሪ ያን አዳራሽ ውስጥ ቢኖር፥ ያን ሳቅ ሰምቶ በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል? የቡናው ትዕይንት ግን ሴትዮዋን እንድናዝንላት እንጂ እንድንስቅባት አላደረገንም። ጥሩ ጥበብና ጥሩ ምግባር ብዙ ጊዜ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

ይህን ሁሉ ስል ሠሪዎቹን ለማዋረድ አይደለም። የፍቅር ኮሜዲ ሠርቶ ገንዘብን መመለስ ሲቻል፥ ጭንቀትን ልሥራ ብሎ መነሣት ድፍረት ነው። ሥጋቴ፥ ይህ ፊልም ሳይሳካለት ሲቀር ባለገንዘቦቹ «ሕዝቡ ልብ አንጠልጣይ አይወድም» ብለው እንዳይደመድሙ ነው። ሕዝቡስ ለአንድ ደቂቃ ትንፋሹን ውጦ ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ገርጂ ስንደርስ ልጁ ከቦርሳው አንድ የተጠረዘ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ለካስ የተናደደው ስለ ፊልሙ ብቻ አልነበረም። እርሱም ልብ አንጠልጣይ ጽፏል። እናቱ እንጀራ እየሸጡ የሚጥሉት ዕቁብ በሚመጣው ወር ይደርሳቸዋል፤ በዚያ ገንዘብ ካሜራና ቤት ተከራይቶ በሦስት ሳምንት ሊያነሣው ኖሯል። «እናቴ እሺ ብላለች» አለኝ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ ከፊልሙ ይልቅ ይህ ነገር ነው።

እሑድ ዕለት አነበብሁት። ተሰጥዎ አለው። ነገር ግን በመጨረሻው ስምንት ገጽ ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪም ቆሟል።

ሰኞ ማታ ሲመጣ ምንም ሳልለው፥ «ጋሼ፥ ሐኪሙን አውጥቼዋለሁ» አለኝ። ከሐኪሙም ሌላ ብዙ ንግግር በእርሳስ ሰርዟል። እኔ የለመንሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቁቡ ሳይነካ በፊት ከጓደኞቹ ጋር በግቢያችን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲለማመዱት። ወንበር ከእኔ፥ ቡናው ከእናቱ። ከስምንት ቅዳሜ በኋላ ጎረቤቱ ሳይሰለች ቁጭ ብሎ ካየው፥ ያን ጊዜ ስለ ካሜራ እንነጋገራለን፤ ካልሆነም የጠፋው ቡና ብቻ ነው። እርሱም ተስማማ።

በማግሥቱ እናቱ በር ላይ አግኝተውኝ፥ «ልጄን ምን ቢሉት ነው ሌሊቱን ሙሉ ሲሰርዝ ያደረው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እየጻፈ ነው» አልኋቸው።